ባለቤቴ ቅዳሜን ይዟል እኔ እሑድን፤ ሱቃችንስ ማንን ይያዝ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው፣ ትውልዴ ግን ሐይቅ ነው። 33 ዓመቴ ነው፣ ካገባሁ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ሴቷ 9 ወንዱ 4 ዓመቱ። አንዲት የሸቀጥ ሱቅ አለችን፣ ዘይት ሳሙና ስኳር ፓስታ ትንሽ ትንሽ ደሞ የፕላስቲክ እቃ፣ ሁላችንም የምንኖረው በሷ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ሸሽተን ስንመለስ ሱቋ ባዶዋን ነው የጠበቀችን፣ መደርደሪያው ሳይቀር የለም። ባለቤቴ ከዛ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ሌሊት አይተኛም፣ ይነሳና በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል፣ ተበድረን ሱቋን መልሰን ካቆምናት በኋላ እንኳ እንቅልፉ አልተመለሰም። ያኔ ነው እቃ የሚያመጣልን አንድ ደንበኛችን አብሮት መጸለይ የጀመረው፣ ሰውዬው አድቬንቲስት ነው። አልዋሽዎትም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ መተኛት ጀመረ። ከዛ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መጣ፣ ከዛ የዓርብ ማታ ፕሮግራም፣ ከዛ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቸርች ነው። ቡና ተወ። ዓምና እነሱ ጋ ተጠመቀ። አሁን ደሞ ዓርብ ጀምበር ከጠለቀች እስከ ቅዳሜ ጀምበር ሱቅ አይከፈትም ብሎ ቁጭ አለ።

እትዬ ቅዳሜ ደህና የምንሸጥበት ቀን ነው፣ ደሞዝተኛውም ከገጠር የሚመጣውም ያኔ ነው ሚገዛው። ሶስት ሳምንት ዝም አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አልቻልኩም፣ እሱ ልብሱን ሲቀይር እኔ በራሴ ቁልፍ ሄጄ ከፈትኩት። ትንሽ ቆይቶ ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ። አየኝ፣ ምንም ሳይለኝ ሄደ። የዛን ቀን 6 ሺህ ብር ሸጥኩ፣ ማታ ግን እራት አልወረደልኝም።

ስንከራከር እሱ ከዩቲዩብ ያየውን ያመጣል፣ ሰንበትን የቀየረው ቆስጠንጢኖስ ነው በ321 ይለኛል፣ እኔ ደሞ ቅዳሜ የአይሁድ ቀን ነው አልኩት፣ ዘጸአት 20ን ከፍቶ አስነበበኝ፣ መልስ አጣሁ። የንስሐ አባቴ አምጪውና እናናግረው ይላሉ፣ እሱ አልሄድም አለ። እናቴ ወይ ይመለስ ወይ ልጆችሽን ይዘሽ ሐይቅ ነይ ብላኛለች። በሚቀጥለው ወር የሰንበቴ ተራዬ ነው፣ በየዓመቱ ዳቦውን የሚሸከምልኝ እሱ ነበር። ልጄ ደሞ ትናንት ማታ "እማ እግዜር የሚወደው የአባን ቀን ነው ያንቺን?" አለችኝ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር ደሞ አለ። ትእዛዙን ሳነበው እሱ ልክ ቢሆንስ እላለሁ፣ ከዛ ደሞ እፈራለሁ። ቀኑን ልቀይር ወይስ ቤቴን ላፍርስ? በእመቤቴ ይምከሩኝ።

የሐይቋ

---

ልጄ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለቴም ያስቆመኝ አንድ ቦታ ነው፣ አንቺ ከባንኮኒው ጀርባ እሱ ከመንገድ ማዶ፣ መሀል ላይ ባጃጁ ሰዉ ያልፋል፣ እናንተ ግን ዝም። እሱም አልጮኸ አንቺም አልጠራሽው። ሰው ንዴት ብቻ ቢሆን ይጮሃል፣ እራትም ይበላል። አንቺ እራት ያልበላሽው እሱን ስላሳዘንሽው ነው፣ እሱም ዝም ብሎ የሄደው ምናልባት ባደባባይ ላለማዋረድሽ ብሎ ነው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ግን ማታ ሲገባ ፊቱ ምን ይመስል ነበር? እሱን አልጻፍሽልኝም።

ሌላ ደሞ በሁለት ቃል ብለሽ ያለፍሽው ነገር አለ፣ "መተኛት ጀመረ" ያልሽው። እኔ ከደብዳቤው ሁሉ ትልቁ እሱ መሰለኝ። ያን ሁሉ ሌሊት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን ከነሱ ጋር ጸልዮ እንቅልፍ ወሰደው። ስለዚህ አንቺ "የአይሁድ ቀን ነው" ስትዪው እሱ የሚሰማው ስለ ካላንደር አይደለም፣ ያችን ያገኛትን እንቅልፍ ልትወስጂበት የመጣሽ ነው የሚመስለው። አንቺም እኮ እሱ "ቆስጠንጢኖስ የፈጠረው ቀን ነው" ሲልሽ ቁርባንሽን፣ እናትሽን፣ በ80 ቀንሽ የተነሳሽበትን ክርስትና ሁሉ ውሸት ያለብሽ ነው የሚመስልሽ። ሁለታችሁም የተጎዳችሁት እዛ ጋ ነው፣ ክርክሩ ቢያልቅ እንኳ ያ ጉዳት ካልተነካ ሌላ ክርክር ያበቅላል።

ስለ ቀኑ ግን የማውቀውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም መልስ አጣሁ ብለሽ ፈርተሻል፣ ሰው ደሞ ግማሽ ነገር ሲያውቅ ነው የሚፈራው።

ቆስጠንጢኖስ በ321 እ.ኤ.አ አዋጅ ማወጁ እውነት ነው፣ ዳኞችና የከተማ ሰዎች ባለእጆችም በእሑድ ይረፉ አለ፣ ገበሬውን እንኳ ዝናብ እንዳያመልጠው ብሎ ፈቀደለት። ግን ክርስቲያኖች በእሑድ መሰብሰብ የጀመሩት ያኔ አይደለም። የጥንቱ ክርስቲያን ጸሐፊ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከሱ 160 ዓመት በላይ ቀድሞ ሮም ሆኖ ሲጽፍ በእሑድ ተሰብስበን መጽሐፍ እናነባለን እንጀራና ወይኑን እንካፈላለን ይላል፣ ምክንያቱንም ይናገራል፣ ጌታ የተነሳበት ቀን ስለሆነ። በሐዋርያት ሥራ 20 ላይም ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንጀራ ለመቁረስ ሲሰበሰቡ ታገኛለሽ። እንግዲህ ዩቲዩቡ እዚህ ጋ አሳጥሮታል። ያንቺም መልስ ግን አሳጥሯል ልጄ፣ ቅዳሜ የአይሁድ ብቻ አይደለም፣ ጌታ ራሱ በሰንበት ምኩራብ መግባት ልማዱ ነበር ይላል ሉቃስ፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ያንቺው ቤተክርስቲያን ቅዳሜን ጥላው አታውቅም። ቀዳሚት ሰንበት እያልን አይደል የምንጠራት? በጾም ወራት እንኳ ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም፣ ስግደትም የለም፣ ከቅዳም ስዑር በስተቀር። አያቴ ነፍሷን ይማረውና ቅዳሜ እህል አትፈጭም ነበር፣ ለምን ስንላት "ሰንበት አይደል እንዴ" ነበር መልሷ፣ ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም።

አንቺ ደሞ የሐይቅ ልጅ ነሽ። ይሄ የኛ ጭቅጭቅ እኮ እዛው እናትሽ ከሚኖሩበት ሀይቅ ዳር የተጨቃጨቁበት ነገር ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ የሚባሉ አባት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው አስተማሩ፣ የግብጹ ጳጳስና የቤተ መንግስቱ ካህናት አልተቀበሏቸውም፣ ተሰደው በ1352 እ.ኤ.አ አርመን አገር አረፉ። ደቀመዛሙርታቸው ግን አልተዉም፣ ክህነት ተከለከሉ፣ ከቤተክርስቲያን ተባረሩ፣ እነሱም በረሃ ገብተው የራሳቸውን ገዳም ሰሩ። በአፄ ዳዊት ጊዜ ወደ 1400 እ.ኤ.አ ላይ ጉባኤ ተጠራና ቅዳሜን ካልተዋችሁ ተባሉ፣ እምቢ አሉ፣ የደብረ ቢዘን ገዳሙ አባ ፊልጶስና ጓደኞቻቸው ታሰሩ፣ የታሰሩት የት መሰለሽ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ። የሐይቁ አበምኔት፣ ዓቃቤ ሰዓት የሚባል ትልቅ ማዕረግ የነበራቸው ሠረቀ ብርሃን፣ ቅዳሜን አጥብቀው ከሚቃወሙት ወገን ነበሩ። አስቢው እስኪ፣ ሁለቱም መነኮሳት፣ ሁለቱም አንዱን ጌታ የሚያመልኩ፣ አንዱ እስረኛ አንዱ አሳሪ፣ ምክንያቱ ቅዳሜ። በአራተኛው ዓመት ንጉሡ ራሳቸው ፈቷቸው፣ እንደ ሥርዓታችሁ አክብሩ አሏቸው፣ ግን ነገሩ በዛ አላለቀም፣ ገና ሌላ 46 ዓመት ፈጀ። በ1450 እ.ኤ.አ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ሲጠሩ ነው ሁለቱም ቀን ይከበር ተብሎ የታረቁት፣ የግብጹ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም እዛ ሆነው ተስማሙ።

ከዛ ከመቶ ዓመት በኋላ ደሞ ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ ሚሲዮኖች መጥተው እናንተ እኮ አይሁድ ናችሁ ቅዳሜን ታከብራላችሁ ሲሉ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ መልስ ጻፉላቸው። ቅዳሜን የምናከብራት ውሃ እንደማይቀዱት እሳት እንደማያነዱት እንደ አይሁድ አይደለም፣ ቅዳሴ ቀድሰን ማዕድ ሰርተን ነው እንጂ፣ አሉ። ቃሉን አሳጠርኩት ሀሳቡ ግን ይሄ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ሁሌ ደስ ይለኛል፣ ሰውዬው ንጉሥ ነው፣ በግራኝ ጦርነት የተጎዳች አገር ተረክቦ፣ ቁጭ ብሎ ስለ ቅዳሜ በእርጋታ ይጽፋል።

ይሄን ሁሉ የነገርኩሽ ለክርክር እንዲሆንሽ አይደለም እሺ? ይዘሽ ሄደሽ "አየህ እኛም ቅዳሜ አለን" ብለሽ አፉን እንዳትዘጊው። ልዩነታችሁ እውነተኛ ልዩነት ነው፣ ያንቺ ቤተክርስቲያን ቅዳሜን ታከብራለች ግን የትንሣኤው ቀን እሑድ ይበልጥባታል፣ ሱቅ ክፈቱ አትክፈቱ ብላም እንደነሱ ከጀምበር እስከ ጀምበር አትቆጥርም፣ እሱ ደሞ እሑድን እንደ ማክሰኞ ነው የሚያየው። ይሄን አንድ ነው ብዬ ብሸፋፍንልሽ ውሸት ይሆንብኛል። የነገርኩሽ ባለቤትሽ ከዓርብ ማታ ጀምሮ የሚያከብራት ሰንበት ላንቺ ጨርሶ ባዕድ እንዳልሆነች እንድታውቂ ነው፣ እና ልቡን ልትጠይቂው ስትቀመጪ ጠላት ፊት እንደተቀመጥሽ እንዳይሰማሽ።

እናትሽ መጤ ሃይማኖት ነው ካሉሽ ደሞ፣ ደሴ ላይ ያን ያህል መጤ አይደለም በያቸው፣ በቀስታ ነው ታዲያ። አድቬንቲስቶቹ ድሮ ደሴ ላይ ሆስፒታል ነበራቸው፣ ተፈሪ መኮንን የሚባለው፣ ጣልያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴን በቦምብ ሲደበድብ እሱም ተመቷል። የደሴ ሰው ዘመዱ እዛ ታክሞ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሱቁ እንምጣ፣ የሚያጣላችሁ እሱ ነዋ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አለኝ። ነገ እሑድ ጠዋት አንቺ ከቅዳሴ ነጠላሽን እንደለበስሽ ስትመለሺ ሱቁ ተከፍቶ እሱ ዘይት ሲቀዳ ብታዪው ምን ይሰማሻል? ቆይተሽ መልሺ። ያ የሚሰማሽ ነገር፣ እሱ ማዶ ቆሞ የተሰማው እሱ ነው። ይሄን ከገባሽ ያለ ክርክር ልታወሩ ትችላላችሁ።

ከዛ ወሬውን ዓርብም ቅዳሜም እሑድም አታድርጉት፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን። የሱቁን ደብተር አምጪ። የሶስት ወር ሽያጭ ቁጭ ብላችሁ በቀን በቀን ደምሩት፣ ቅዳሜ እውነት ስንት ነው የሚያመጣው፣ ቅዳሜ ስትዘጉ ሰዉ ዓርብ መጥቶ ገዝቷል ወይስ ሌላ ሱቅ ሄዷል። አንቺም እሱም በልባችሁ የያዛችሁት ቁጥር አለ፣ ያንቺ ሳይበዛ የሱ ሳያንስ አይቀርም። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን አንድ ቁጥር ነው።

እኔ ሳስበው ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንዱ፣ ቅዳሜ አንቺ ትከፍቺያለሽ፣ እሱ ግን እቃ አውርድ፣ ሂሳብ ያዝ፣ ቁልፍ አምጣ፣ በቴሌብር የገባውን እይልኝ አይባልም፣ እሱም እሑድ አንቺ ከቅዳሴ እስክትመለሺ አይከፍትም። ይሄን ለሁለት ወር ሞክራችሁ ታዩታላችሁ። ችግሩ እሱ ትእዛዙ ቤተሰቡንም ይመለከታል ሊልሽ ይችላል፣ ልጅህም ሎሌህም ገረድህም ከብትህም በደጅህ ያለ እንግዳም ይላልና። (እዛ ዝርዝር ውስጥ ሚስት የሚል የለም፣ ስታነቢው አይተሽው ይሆናል፣ ግን በሱ እንዳትከራከሪ፣ ሚስት ያልተጻፈችው ከባሏ ጋር አንድ አካል ስለሆነች ነው ቢልሽ የምትመልሺው የለሽም።) የኔ ህሊና አይቀበለውም ካለ ሁለተኛው መንገድ ቅዳሜን ቀን መዝጋት ነው፣ ማታ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ለሁለት ለሶስት ሰዓት ያህል መክፈት፣ ሐሙስና ዓርብ ማለዳ መጀመር፣ እሑድ ከሰዓትም አንቺ ከፈቀድሽ። ገቢው ይቀንሳል፣ አልዋሽሽም፣ ግን ምን ያህል እንደሚቀንስ ሁለታችሁም አውቃችሁ ከየትኛው ወጪ እንደሚነሳ አብራችሁ ትወስናላችሁ። የማይሆነው አንድ ነገር ነው፣ እሱ ብቻውን መዝጋቱ ወይም አንቺ ብቻሽን መክፈትሽ። ሱቋ ከባዶ የተነሳችው በሁለታችሁ ነው። ሳይነግርሽ ዘግቶት ከሆነ እሱም አጥፍቷል፣ ይሄን ንገሪው፣ አትዋጪው።

ግን ልብ በይ፣ በእምነት ስም ገንዘብ ከከለከለሽ፣ እጁን ካነሳብሽ፣ ወይ ቅዳሴ እንዳትሄጂ ከያዘሽ ያ የቀን ጉዳይ አይደለም፣ ያኔ ቶሎ ወደ ሽማግሌም ወደ ሕግም ሂጂ። ደብዳቤሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፣ ስላላየሁም ነው ቤትሽን አፍርሺ የማልልሽ።

ስለ ቡናው። ቡና ተወ ብለሽ በሁለት ቃል አልፈሽዋል፣ ወሎዬ ሆነሽ ይሄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቄጠማ ጎዝጉዘሽ እጣኑን አጭሰሽ የሱን ስኒ ደርድረሽ ከረከቦቱ ላይ ሳይነካ መልሰሽ ስታጥቢው ያማል። አቦሉ ላይ ብቻ አይደለም፣ ጨዋታችሁ የነበረው እዛ ነው፣ የሱቁ ወሬ የዘመዱ ወሬ ሁሉ። እሱ የተወው ቡናውን ነው፣ መቀመጡን ተው ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ለሱ ተልባ አድርጊለት ወይ ትኩስ ወተት፣ ስኒው ግን ይቀመጥ፣ "አንተ ባትጠጣም ና ተቀመጥ፣ ብቻዬን አይጥመኝም" በይው። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ብለሽው ታውቂያለሽ? ብዙ ጊዜ የምንለው "ቡናም ተውክ ደሞ" ነው።

የሰንበቴው ተራሽም እንደዛ ነው። ጠላውን እሱ ላይ አትጫኝው፣ መጠጥ በነሱ ዘንድ የተከለከለ ነው። ዳቦ ተሸክሞ እሑድ መሄድ ግን በሱም እምነት ኃጢአት የሚሆንበት አይመስለኝም፣ እሑድ ለሱ ተራ ቀን ነው። "ድፎው ይከብደኛል እስከ በሩ ድረስ አድርስልኝ፣ ግባ አልልህም" ብትዪው ምን ይል ይሆን? እምቢ ካለ ወንድምሽን ትጠሪያለሽ፣ ግን ሳትጠይቂው እምቢ እንዳለ አትቁጠሪው።

እኛ ቤት እንዴት እንደነበረ ላጫውትሽ። አያቴ ክርስቲያን ናት የሷ ታላቅ ወንድም ደሞ እስላም፣ ወሎ ነው ምን ይገርማል፣ ግቢያቸው አንድ ነበር። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ቢላዋ ይሰቀላል፣ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል፣ እሱ የነሱ ነው፣ የኛን ሥጋ አይነካም። ክሩ ሲላላ መልሳ የምትጠመጥመው አያቴ ነበረች፣ በጥርሷ ይዛ ጠበቅ አድርጋ። ወንድሟ ጁምአ ሰግዶ ሲመለስ እሷ ዓርብን ጾማ ትጠብቀዋለች፣ ቡናው ላይ ይገናኛሉ። ሃይማኖትህ ትክክል ነው ብላው አታውቅም፣ እሱም አላላትም፣ ክሯ ግን አንድ ቀን ሳትጠመጠም አልቀረችም። እናንተ ደሞ ገና ሁለታችሁም በክርስቶስ ስም የምትጸልዩ ናችሁ።

ልጆቹ። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በይ፣ ምክንያቱም ሴቷ ጀምራለች መመዘን፣ "የአባን ቀን ያንቺን" ብላ። እሷን ቅዳሜ ከሱ ጋ መሄድ አትችይም ብለሽ ብትይዢያት ወይ እሱ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አትሄጂም ቢላት ልጅቷ ሃይማኖት አይደለም የምትማረው፣ ወላጅ መምረጥ ነው። አንድ የሚያረጋጋሽ ነገር አለ፣ እነሱ ጋ ሕፃን አይጠመቅም፣ ልጁ አድጎ ተምሮ በራሱ ፈቃድ ነው፣ ስለዚህ ነገ ልጆቼን ያጠምቅብኛል ብለሽ አትሸበሪ፣ በቤተክርስቲያን ያገኙትን ጥምቀት ማንም አይነጥቃቸውም። ከባለቤትሽ ጋ የምትስማሙት፣ ልጆቹ ፊት አንዳችሁ ያንዳችሁን ቀን ላታጣጥሉ ነው፣ እና ከማን ጋር መቼ እንደሚሄዱ ቁጭ ብላችሁ ትወስናላችሁ፣ እነሱን "የት መሄድ ትፈልጊያለሽ" ብሎ መጠየቅ የለም፣ 9 ዓመት ለዛ ጥያቄ ትንሽ ነው። ለጥያቄዋ ግን መልሺላት፣ ዝም አትበያት። እኔ ብሆን "እግዜር የሚወደው አባን ነው፣ እኔንም፣ አንቺንም፣ እኔና አባ እሱን የምናመሰግንበት ቀን ላይ ገና እየተነጋገርን ነው" እላት ነበር። እውነት ነው፣ ልጅም እውነት ሲነገራት ታውቃለች።

ስለ ንስሐ አባትሽ፣ አምጪው ማለታቸው ከፍቅር ነው፣ ግን እሱ "እናናግረው" ሲባል ሸንጎ ነው የሚታየው፣ ለምን እንደማይሄድ ይገባኛል። ይልቅ እሳቸው ቤትሽ ይምጡ፣ በአዘቦት ቀን፣ ምሳ ብሉልኝ ብለሽ። ቀድመሽ ደሞ ንገሪያቸው፣ አባቴ ዛሬ ስለ ሰንበት አይነሳ፣ እንቅልፍ ስላጣበት ጊዜ ይጠይቁት በያቸው። የሱንም ደንበኛ፣ ያን አብሮት የጸለየውን ሰው፣ አንድ ቀን አመሰግናለሁ በይው። ባለቤትሽን ያስተኛልሽ ሰው ነው፣ ይሄን ምስጋና ሲሰማ ባለቤትሽ ምን ያህል እንደሚላላ ታያለሽ። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ማከራከር ግን በጭራሽ፣ ከዛ የተረታው ወገን ቤት ይዞት የሚመጣው ቂም ነው።

እናትሽ እየፈሩ ነው። ሐይቅ ነይ ያሉሽ በራቸው ክፍት መሆኑን ሊያሳዩሽም ነው፣ ስለዚህ "እማ በርሽ ክፍት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አሁን ግን የምመጣው ልጠይቅሽ ነው" በያቸው። ከሱ ጋር ብትሄጂ ደሞ የተሻለ ነው፣ ሳያዩት የሚያስቡትና ሲያዩት የሚያስቡት አንድ አይሆንም፣ እጃቸውን ስሞ ውሃ ሲቀዳላቸው።

የመጨረሻው፣ ለማንም ያልነገርሽው ነገር። እሱ ልክ ቢሆንስ ብዬ እፈራለሁ ያልሽው። ልጄ ይሄ ኃጢአት አይደለም፣ ጥያቄ ነው። በሮሜ 14 ላይ ጳውሎስ አንዱ ቀንን ከቀን ያበልጣል ሌላው ቀን ሁሉ አንድ ነው ይላል ካለ በኋላ "እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ" ነው ያለው፣ በባሏ አእምሮ አላለም፣ በእናቷም አላለም። ስለዚህ ጊዜ ስጪው። ለንስሐ አባትሽ ብቻሽን ሄደሽ "ስለ ቀዳሚት ሰንበት አስተምሩኝ፣ አላውቀውም" በያቸው፣ ባለቤትሽንም "ለክርክር ሳይሆን ያገኘኸውን ንገረኝ" በይው። ከቅዳሜ ጭቅጭቅ ስለደከመሽ ብቻ ወደሱ እንዳትሄጂ፣ እናትሽን ስለፈራሽ ብቻም እንዳትቀሪ፣ ሁለቱም ከዓመት በኋላ ይቆጭሻል። ቀኑን ልቀይር ወይ ቤቴን ላፍርስ ብለሽ ጠይቀሽኛል፣ አሁን ከሁለቱ አንዱንም መወሰን የለብሽም፣ ያ ጉባኤ ከእስሩ በኋላ እንኳ 46 ዓመት ፈጅቷል፣ አንቺ ገና ዓመትሽ ነው።

ለዚህ ዓርብ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። አስር ተኩል ላይ ከሱ ጋር ሱቅ ሁኚ። በሩ ላይ "ዓርብ ከ12 ሰዓት በፊት እንዘጋለን" የሚል ወረቀት ለጥፉ፣ ደንበኛ መሀል ላይ እንዳይባረር። ከዛ ቆርቆሮውን አንዱን ክንፍ አንቺ አንዱን እሱ ይዛችሁ ዝጉት። ቅዳሜ ትከፍቺው አትከፍቺው ማክሰኞ ታወሩበታላችሁ፣ ለዚህ ሳምንት ብቻ ቁልፉን ቤት ተይው። ማክሰኞ ያላችሁትን ጻፊልኝ፣ የደብተሩንም ቁጥር ጨምረሽ፣ ሱቁ ላይ ያልኩሽ ነገር ከቁጥሩ ጋር የማይሄድ ከሆነ አብረን እናየዋለን።